የልጣጩን ጀርባ ሳያዩ በቀለሙ ላይ መፍረድ፦ ስለ በር ቀለም መላጥ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቤት ውስጥ በሮች ላይ አዲስ የተቀባ ቀለም ለምን ቶሎ እንደሚላጥ የሚያብራራ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም የያዛቸው ምክሮች ብዙ ናቸው። ቀለም የሚላጠው ርካሽ ወይም የተበረዘ ስለሆነ ነው ይላል፤ የዛሬ ቀለሞች በማንኛውም ነገር ላይ ስለሚይዙ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት የድሮ ልማድ ነው ይላል፤ አንድ ወፍራም እጅ ቀለም (አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት) ከሁለት ስስ እጅ እንደሚበልጥ፣ ቀለሙ ሲነኩት እጅ ካልያዘ በሩን መዝጋት እንደሚቻል፣ ለበር ከዘይት ቀለም በቀር ሌላ መጠቀም ስሕተት እንደሆነ ይገልጻል። የተላጠ በር ሲያጋጥም የተነሣውን ብቻ ፍቆ በላዩ መቀባት እንደሚበቃ፣ አሮጌው ቀለም ሙሉ በሙሉ እንዲለቅ ከተፈለገ ደግሞ በእሳት ነበልባል ማሞቅ ፈጣኑ መንገድ እንደሆነ ይመክራል። የችግሩን ሁሉ ሥር ግን የቀለም ቀቢዎች ስንፍና ያደርገዋል።

ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ለበዓል ወይም ለሠርግ ብሎ ገንዘቡን ያወጣ ቤተሰብ፣ ያስቀባው በር በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ሲገፈፍ ማየቱ እውነተኛ ችግር ነውና። ይሁን እንጂ ከምክሮቻቸው አብዛኞቹ ያው ችግር እንዲደገም የሚያደርጉ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ከበር አልፎ የሰው ጤና ላይ የሚደርስ ነው። በቤት እድሳት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ፣ ተሳስቼም በራሴ ወጪ የደገምኳቸው በሮች ያሉኝ ሰው በመሆኔ፣ ነጥቦቹን በየተራ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያው ነጥብ፣ ማለትም በቀለሙ ዋጋና ጥራት፣ ልጀምር። ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አምስት የውስጥ በሮች ለእንቁጣጣሽ ነጭ ተቀብተው፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው መላጥ ጀምረዋል። የቤቱ እመቤት ባዶውን ጣሳ አስቀምጠውት ስለነበር አውጥተው አሳዩኝ፤ በገበያው ካሉት ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ጊዜውም አላለፈበትም። በመኝታ ቤቱ በር ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ የልጅ ጥፍር የጀመረው አንድ ትንሽ ጠርዝ አለ። ጠርዙን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ታች ስስበው፣ ቀለሙ ሳይበጠስ የክንድ ርዝመት ያህል ተገፎ መጣ። ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ እንደ ፌስታልም ይታጠፋል። ጀርባውን ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ያብረቀርቃል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም የእንጨት ጭረት አልያዘም። ከሥሩ የተገለጠው የበሩ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀባው ክሬም የዘይት ቀለም ትናንት የተወለወለ ይመስል ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህን ያየ ሰው ቀለሙን ሊከስ አይችልም። ክንድ ያህል ሳይበጠስ የሚሳብ ቀለም እርስ በርሱ በጥሩ ሁኔታ የተያያዘ ቀለም ነው፤ ያልተያያዘው ከሥሩ ካለው ጋር ነው። የተበረዘ ወይም ሙጫው ያነሰ ቀለም እንዲህ አይላጥም፤ ሲዳስሱት በእጅ ላይ ዱቄት ይተዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ጨርቁን ያቀልማል፣ ሲፍቁትም እየተፈረፈረ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የልጣጩ ጀርባ ነው። ጀርባው ንጹሕና አብረቅራቂ ከሆነ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር ሳይያያዝ ቀርቷል ማለት ነው። ነጭ ዱቄት ከያዘ በሩ ከመቀባቱ በፊት የታሸበት አቧራ ወይም የስቱኮው ብናኝ በደንብ አልተጠረገም። አሮጌውን ቀለም አብሮ ነቅሎ ከመጣ ድካሙ ያለው ከታችኛው ንብርብር ነው፤ የእንጨት ጭረት ይዞ ከመጣ ደግሞ እርጥበት እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህኛውን አብዛኛውን ጊዜ የማየው በመታጠቢያ ቤት በሮች የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። አራቱ ምክንያቶች አራት የተለያዩ መድኃኒቶች አሏቸው፤ ውድ ቀለም መግዛት ግን የአንዳቸውም መድኃኒት አይደለም።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ቀለምን ከልክ በላይ በውሃ ማቅጠን እውነተኛ ጥፋት ነው፤ ሙጫው በውሃው መጠን ስለሚሳሳ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ስስና ደካማ ይሆናል። ነገር ግን ይህ የሚያመጣው መላጥን ሳይሆን መፈርፈርን ነው፤ ሁለቱን አለመለየታቸው ምክራቸውን ሁሉ አጣሞባቸዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ነጥብ የማሸት ጉዳይ ነው። «የዛሬ ቀለሞች በማንኛውም ነገር ላይ ይይዛሉ» የሚለው አባባል በሻጭ አፍ ሲነገር የቆየ ነው፤ የዚያው ቀለም ጣሳ ጀርባ ሲነበብ ግን የሚቀባው ገጽ ንጹሕ፣ ደረቅና ጥብቅ ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ማብረቅረቁ ይጥፋ የሚል መመሪያ በአብዛኛው ተጽፎ ይገኛል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ የዘይት ቀለም የሚደርቀው ማቅጠኛው በመትነኑ ብቻ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ በመጠንከሩ ነው። ይህ መጠንከር ለወራትና ለዓመታት ይቀጥላል። በመጨረሻም ገጹ ምንም ነገር የማያስገባ፣ እንደ ሸክላ ሳህን የጠነከረና የለሰለሰ ይሆናል። ፕላስቲክ ቀለም እያልን የምንጠራው በውሃ የሚቀጥነው ቀለም በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲቀባ፣ የሚገባበት ቀዳዳም የሚጨብጠው ጭረትም ስለማያገኝ ላዩ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል እንጂ አይያያዝም። ሲደርቅ ያማረ ነጭ ነው፤ ርክክብ በሚደረግበት ቀንም ጉድለቱን ማንም አያይም። አንድ ጥፍር፣ አንድ የቁልፍ ዘለላ ወይም አንድ የወንበር ጀርባ ሲነካው ግን ከዚያ ይጀምራል።

የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ታዲያ በሩን ማቁሰል አይደለም። ቁጥሩ 120 ወይም 150 በሆነ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ብቻ፣ የአሮጌውን ቀለም ማብረቅረቅ ገፍፎ በዓይን እምብዛም የማይታዩ፣ ለአዲሱ ቀለም ግን መጨበጫ የሚሆኑ ጭረቶችን ይተዋል። እስከ እንጨቱ መድረስ አያስፈልግም። አሮጌው ቀለም ጥብቅ እስከሆነ ድረስ ራሱ ጥሩ መሠረት ነው፤ የሚፈለገው ማብረቅረቁ እንዲጠፋ ብቻ ነው። በብርሃን አንጻር ጎንበስ ብለው ሲያዩት ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ከሆነ ይበቃል፤ እዚህም እዚያም የሚያብረቀርቅ ቦታ ከቀረ ቀለሙ የሚላጠው ከዚያ ቦታ ነው።

በዚህ ላይ ጽሑፉ ፈጽሞ ያላነሣው፣ በእኛ ቤቶች ግን ከማሸት ባልተናነሰ የሚያስፈልግ ሥራ አለ፤ ማጠብ ነው። የቤታችን በር ምን እንደሚጠጣ እናስብ። የሽንኩርቱና የቅቤው ቁሌት እንፋሎት ከወጥ ቤት ወጥቶ በሮቹ ላይ ያርፋል። በየቡናው የሚጤሰው ዕጣን ሙጫ ነውና ጢሱ ስስ ሽፋን እየተወ ይሄዳል። በእጀታው ዙሪያ የእጅ ወዝ ለዓመታት ይከማቻል። ከሁሉ የባሰው የወለል ሰም ነው፤ የጣውላ ወይም የፓርኬ ወለል ባለበት ቤት ሰሙ በጨርቅ ሲቀባና ሲወለወል የበሩን የታችኛውን አንድ ስንዝርና የመቃኑን እግር ሁልጊዜ ይነካል። በሰም ላይ የሚይዝ ቀለም የለም። በብዙ ቤት በሩ ከላይ ደህና ሆኖ ከታች ብቻ ሲላጥ «ውሃ ነክቶት ነው» ይባላል፤ ወለሉ በሰም የሚወለወል ከሆነ ግን ከውሃው በፊት ሰሙን መጠርጠር ይገባል።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ሳይታጠብ የታሸ በር ወዙና ሰሙ ወደ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ሰም የነካውን ክፍል ደግሞ በቲነር (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ፣ ጨርቁን እየለዋወጡ መጥረግ ይገባል። ይህ ሲደረግ መስኮቱ ይከፈት፤ እሳትም በአጠገቡ አይኑር። የታጠበው በር ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፤ በጣት ጥቂት ውሃ ይረጩበታል። ውሃው እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ከቆመ ቅባት አለ፤ ተዘርግቶ ገጹን እኩል ካራሰው ንጹሕ ነው። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

አሮጌው ቀለም ዘይት ይሁን ፕላስቲክ ለማያውቅ ሰውም ቀላል መለያ አለ። ጥጥ በአልኮል አርሶ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በማጠፊያው በኩል ባለው ጠርዝ፣ አጥብቆ ማሸት ነው። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡን ካቀለመ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፤ ምንም ካልሆነ የዘይት ቀለም ነው። ዘይት ከሆነና በላዩ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ሊቀባ ከታሰበ ከታጠበና ከታሸ በኋላ ለእንዲህ ያለ ገጽ የተዘጋጀ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት፣ አንድ እጅ መቀባት አለበት። በኅዳር ያየኋቸው አምስት በሮች የጎደላቸው ይህ ብቻ ነበር። በመኖሪያ ክፍሎቹ ውስጥ እርጥበት አልነበረም፣ ቀለሙም ደህና ነበር፣ ቀቢውም እጁ የሠለጠነ መሆኑ ከጠርዞቹ አቆራረጥ ይታያል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ አንድ ወፍራም እጅ ከሁለት ስስ እጅ ይሻላል የሚለው፣ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። አንድ እጅ ቀለም ደርቆ ሲያልቅ ከሰው ፀጉር የሳሳ ነው፤ እንዲደርቅ የተሠራውም በዚያ ውፍረት ነው። ሲወፍር ላዩ ቀድሞ ይሸፍንና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይታፈናል፤ የዘይት ቀለም ሲሆን ይጨማደዳል፣ ፕላስቲክ ሲሆን ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ በቆመ በር ላይ ደግሞ ሁለቱም ይወርዳሉ። ሁለት ስስ እጅ፣ በመካከሉ 220 ቁጥር ወረቀት ነካ ነካ አድርጎ አቧራውን በመጥረግ፣ ከማንኛውም ወፍራም አንድ እጅ ይበልጣል።

አራተኛው ነጥብ ስለ መድረቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ቀለም ሲነኩት እጅ አለመያዙ አንድ ነገር ነው፤ ጠንክሮ ማለቁ ሌላ ነገር ነው። በውሃ የሚቀጥን ቀለም በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ አየሩ እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ መካከል ግድግዳ ምንም አይሆንም፤ ግድግዳ ከምንም ጋር አይጋጭምና። በር ግን ከመቃኑ ጋር ይጋጠማል። ሁለት አዲስ የተቀቡ ገጾች ሌሊቱን ተጫጭነው ሲያድሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ደግሞ ደካማው ቀለሙን ለጠንካራው ትቶ ይገፈፋል። ጸሐፊው በመቃኑ ጠርዝ የሚታየውን መላጥ የአናጺ ጥፋት፣ የበር መጥበብ አድርገው አቅርበውታል። በሩ በእርግጥ ጠባብ ሲሆን የሚላጠው እንጨት ከእንጨት ጋር በሚፋተግበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በመቃኑ ዙሪያ ሁሉ እኩል ሲላጥ ግን ምክንያቱ ሳይጠነክር መዘጋቱ ነው። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በሩ ገርበብ ብሎ ይደር፤ መዝጋት ግድ ከሆነ በሚገጥምበት ቦታ ቀጭን ላስቲክ ወይም የተጣጠፈ የሻማ ወረቀት ማስገባት ይረዳል።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሓይ ሆኖ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ሲደርቅ በውሃው ውስጥ የተበተኑት ጥቃቅን የሙጫ ቅንጣቶች ተጠጋግተው አንድ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙ አምራቾችም ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይቀባ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቀባና «ሽታው ይውጣ» ተብሎ መስኮት ተከፍቶለት ያደረ በር ቅንጣቶቹ ሳይገጣጠሙ ውሃው ይተናል። በጳጉሜን ደግሞ ችግሩ እርጥበቱ ነው። የዓመቱን ቀለም የምንቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ያ ጊዜ ክረምቱ ገና ያልወጣበት፣ የታጠበ በር ለመድረቅ ቀን ሙሉ የሚፈልግበት፣ እንግዳ ስለሚመጣም ሁሉም የሚቸኩልበት ነው። በዓሉን መቀየር አንችልም፤ በሮቹን ግን ከግድግዳው ለይቶ ወይ ቀደም ብሎ ማስቀባት ወይ እስከ ጥቅምት ማቆየት ይቻላል።

ለበር የዘይት ቀለም ብቻ የሚለው አምስተኛው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ከግድግዳ የተረፈውን ፕላስቲክ ቀለም በበር ላይ መቀባት በእርግጥ ስሕተት ነው፤ የግድግዳ ቀለም ለስላሳ ስለሆነ እጅና መጥረጊያ ይጎዳዋል፣ ከመቃኑም ጋር ይጣበቃል። ይህንን ጸሐፊው በመናገራቸው እስማማለሁ። ነገር ግን ለበርና ለመስኮት ተብለው የሚሠሩ፣ በውሃ የሚቀጥኑና ጠንክረው የሚደርቁ ቀለሞች አሉ፤ የዘይት ቀለምም የራሱ ጉድለት አለው። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ተከፍቶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚኖር በር ጀርባው ከፊቱ ቀድሞ የሚወይበው በዚህ ምክንያት ነው። ሽታውም ልጆች በሚተኙበት ቤት ለቀናት ይቆያል። የዘይት ቀለም ራሱ ደግሞ ባልታጠበና ባልታሸ ገጽ ላይ ቢቀባ ይላጣል። ልዩነቱ ፕላስቲኩ እንደ ፌስታል ሲገፈፍ ዘይቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ መውደቁ ነው።

የተላጠውን ብቻ ፍቆ በላዩ መቀባት የሚለው ስድስተኛ ምክር ብዙ ገንዘብ ያባክናል። አንድ ቦታ የተላጠ በር ሌላው ቦታ ጥብቅ መሆኑን ሳያረጋግጡ መጠገን፣ በሚቀጥለው ወር ጥገናው ጠርዝ ላይ ሌላ ልጣጭ መጠበቅ ነው። ጥብቅ መሆኑን ማወቂያ ዘዴው በሙያው የታወቀ ነው፤ ኢሶ 2409 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በስለታም ምላጭ፣ በማይታይ ቦታ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ርቀት ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት መስመር ወደ ጎን ይቆረጣል፤ ሃያ አምስት ትናንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። በላያቸው ፕላስተር ለጥፎ፣ በጥፍር ተጭኖ፣ ጠርዙን ይዞ መሳብ ነው። ካሬዎቹ በሩ ላይ ከቀሩ ቀለሙ ጥብቅ ነው፤ የተላጠውን ቦታ ብቻ ጠርዙ በጣት እስከማይታወቅ ድረስ አሽቶ መጠገን ይበቃል። ካሬዎቹ ፕላስተሩን ይዘው ከመጡ ግን ያ በር ሙሉ በሙሉ መገፈፍ አለበት።

ይህ ሲባል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። ከአሮጌ የዘይት ቀለም ላይ ያልያዘ ፕላስቲክ ቀለም ለመግፈፍ ቀላል ነው። በኅዳር ያየኋቸውን አምስት በሮች ከአንድ ረዳት ጋር ሆነን በሰፊ ስፓቱላና ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በአንድ ቀን ገፈፍናቸው። በሮቹን ከማጠፊያቸው አውርደን፣ እጀታዎቹን ፈትተን፣ በሁለት በርሜል ላይ አጋድመን ነው የሠራነው፤ የተጋደመ በር ላይ ቀለም አይወርድም። በሁለተኛው ቀን አጠብናቸው፣ ደረቁ፣ ውሃ እየነካን አሸናቸው። በሦስተኛው ፕራይመር፣ በአራተኛውና በአምስተኛው አንዳንድ እጅ። አሁን ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ የዚያች ቤት ልጅ ጥፍር አሁንም እዚያው ቦታ ላይ እንደሚሠራ ምልክቱ ይታያል፣ ቀለሙ ግን አልተነሣም።

ከዚህ በኋላ የቀለም ቀቢዎች ስንፍና የሚለው ክስ ይመጣል። በዚህ አባባል አዝኛለሁ። አንድ የውስጥ በር ሁለቱም ፊቱ ሲለካ ሦስት ሜትር ካሬ ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ሊትር ቀለም ደግሞ አሥር ሜትር ካሬ ገደማ አንድ እጅ ይሸፍናል። ስለዚህ አምስት በር ሁለት እጅ ለመቀባት አራት ሊትር ይበቃል። ቀለሙ ጥቂት ነው፤ መቀባቱም ለሠለጠነ እጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ማውረዱ፣ ማጠቡ፣ ማሸቱና መጠበቁ ነው። ውሉ ግን እንዴት ነው የሚደረገው? «በበር ስንት ትቀባለህ?» ተብሎ በቁርጥ ነው። ቀቢው ለማጠብና ለማሸት ቀን ቢጨምር «ያኛው በግማሹ ይሠራዋል» ይባላል። በግማሹ የሚሠራው ሰው ሳያጥብና ሳያሸት ነው የሚሠራው፤ የቤቱ ባለቤት ያንን አይጠይቅም፣ እሱም አይናገርም። ሳይታጠብ መቀባቱ ጥፋት ነው፤ እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፣ ትክክል ነበር አልልም። ነገር ግን ሰው ያልተከፈለውን ሥራ ስላልሠራ ሰነፍ አይባልም። ጸሐፊው ባለቤቶችን ሊመክሩ ከፈለጉ፣ ማጠብ፣ ማሸትና ፕራይመር በውሉ ላይ ለየብቻ ተጽፈው ለየብቻ ዋጋ ይውጣላቸው ብለው ቢመክሩ፣ ከስድብ ይልቅ ለሁለቱም ወገን በጠቀሙ ነበር።

የእሳቱን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሌሎቹ ስለሚከፋ ነው። ጸሐፊው አሮጌ የዘይት ቀለምን በጋዝ ነበልባል አሙቆ በስፓቱላ መላጥ «ፈጣኑ መንገድ» እንደሆነ ጽፈዋል። ፈጣን መሆኑን አልክድም። የድሮ የዘይት ቀለሞች ግን፣ በተለይ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የሆኑት፣ እርሳስ የተባለው ብረት ሲገባባቸው ኖሯል፤ ለቀለምነትም፣ ቶሎ እንዲደርቁም ይጨመር ነበር። በአገራችን የቀለም የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል፣ እንዳይበልጥ የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ላይ እርሳስ የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚያ አሮጌ ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ይህን ዓመት ማስታወስ ይገባቸዋል። ከእነዚህ ጊዜያት በፊት የተቀባ በር ሁሉ እርሳስ አለው ማለት አይደለም፤ ሳይመረመር የለውም ማለት ግን አይቻልም። ነበልባል ሲያርፍበት እርሳሱ በጢስ መልክ ይወጣል፤ ጢሱን የሚስበው በመጀመሪያ ቀቢው ነው፤ ብናኙ ደግሞ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ገልጿል፤ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፣ በነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ ካለም ወደ ፅንሱ ያልፋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እርሳስ ባለበት ቀለም ላይ በእሳት ነበልባል መሥራትን ፈጽሞ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ቢሆን ከ590 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ እንዳይሆን ወስኗል።

ማሸትንም ያለ ጥንቃቄ አልመክርም። አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበት በር በደረቁ፣ በተለይም በማሽን፣ አይታሽ። ውሃ የሚችል ወረቀት እያራሱ በእጅ ማሸት፣ ከሥሩ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከቤት ማራቅ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ በመጨረሻም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳትና ጨርቁን ከላስቲኩ ጋር ጠቅልሎ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቀቢውም ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ልብሱን ይቀይር፤ እሱም ልጆች አሉት።

ስለ ወረቀቱ ቁጥርና ስለ ቀለሙ ዓይነት ከጸሐፊው ጋር ገና ብዙ ልንነጋገር እንችላለን፤ እዚያ ላይ ብንሳሳት የሚጎዳው በር ነው። የእሳቱን ምክር ግን አንድ ሰው አንብቦ የልጁን መኝታ ቤት በር ላይ ከመሞከሩ በፊት ጸሐፊው ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።